አመድ ያረፈባት አዝራር

ሳኮዳ የመጨረሻዋን የሸክላ አዝራር ከእቶኗ በወረንጦ አውጥቶ ወደ መብራቱ አስጠጋት። ጥፍር በሚያህል ነጭ ገላዋ ላይ የሣላት ሽመላ ወርቅማ ክንፏ በጥቃቅን ጥቁር ነጥብ ተዥጎርጉሯል። የሳኩራጂማ እሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ ቀለሙ ሳይደርቅ አርፎበት አብሮ ተተኩሷል።

«ንፋሱ ወደኛ ዞሯል፣ መስኮቱን ዝጋ አላልኩህም?» አለች ሚስቱ ቺዙኮ። «እኔ እንኳ የተሰጣ ልብሴን ሮጬ አስገባሁ። ያንተ አዝራር ከእኔ የውስጥ ሱሪ ያንሳል?»

«ዝም በይ እስቲ! የቀለሙ ሽታ ራሴን ሲያዞረኝ ምን ላድርግ? ኤቢሃራ ደግሞ አሁን ትደርሳለች።»

ኤቢሃራ ልብስ ሰፊ ናት። ነገ ልጇን ለምትድር ደንበኛዋ ኮት ስድስት አዝራር አዛለች። ከወደደቻቸው የሱቋን ሥራ ሁሉ ለሳኮዳ ልትሰጠው ነው፤ ካልወደደቻቸው ሳኮዳ ብሩሹን ሰቅሎ ዓሣ ማሸጊያው ቤት ይገባል። ሌላ እንዳይሠራ እቶኗ ሞቃ እስክትበርድ ይነጋል።

መሳቢያውን ሳበ። ጥግ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለች አዝራር አለች፤ ያችው ሽመላ በዚያው ልክ ተሥላባታለች። የሣላት መምህሩ ሳመሺማ ነው። ሳኮዳ ተማሪው ሳለ በሌሎቹ ፊት «ያንተ እጅ ለአጥር መቀቢያ ነው የተፈጠረው። እንካ፣ እያየሃት እፈር» ብሎ ወርውሮለት ነበር። ሁሉም ሳቁ። ሳመሺማ ይህን ረስቶት ሞቷል፤ ወጊ መች ያስታውሳል? ሳኮዳ ግን አዝራሯን ሊጥላትም ሊያያትም ሳይሆንለት ኖሯል።

«እሷን ቀላቅልና ተገላገል» አለች ቺዙኮ። «ማን ያውቃል?»

«እኔ አላውቅም?»

«አንተማ የማታውቀው የለም። የቸገረን የሚበላው ነው።»

በሩ ተንኳኳ። ሳኮዳ አመዳሟን ኪሱ ከተተና የሳመሺማን ከአምስቱ ጎን ደረደራት።

ኤቢሃራ የዣንጥላዋን አመድ ደጅ አራግፋ ገባች። በማጉያ መነጽሯ አንድ በአንድ ታይ ጀመር።

«ደህና ናቸው» አለች። ከዚያ አንዷ ላይ ቆመች። «ይቺ ግን! ልትበር እኮ ነው! ጋሽ ሳኮዳ፣ ይህን እጅ የት ደብቀውት ነው? ከእንግዲህ ሁሉንም እንደዚች ይሥሩልኝ።»

ቺዙኮ ከኋላው ጎኑን ጎሸም አደረገችው። እሺ በል ማለቷ ነው። እሺ ካለ ግን እስኪሞት የዚያን ሰውዬ እጅ ሲኮርጅ ሊኖር ነው።

«እሷ አትሸጥም» አለ። ከኪሱ አመዳሟን አውጥቶ አስቀመጠ። «የኔ ይቺ ናት፣ እትዬ ኤቢሃራ። አመድ አርፎባታል።»

«ያቺስ የማን ናት?»

ስሙ አፉ ላይ መረረው። «የመምህሬ። የሳመሺማ።»

ኤቢሃራ አመዳሟን ደጋግማ አገላበጠቻት። «ከታች እሰፋታለሁ፤ እዚያ ጎንበስ ብሎ የሚያይ የለም። ስለሌላው ሥራ ግን ላስብበት።»

እሷ ስትወጣ ቺዙኮ ሄዳ መስኮቱን ዘጋች። ሳኮዳ የሳመሺማን አዝራር በጨርቋ ጠቀለለ፤ መልሶ ፈታት። ወደ መሳቢያው አልመለሳትም። ከመብራቱ ሥር፣ ከዓይኑ ከማታመልጥበት ቦታ አኖራትና ያልተሣለች ነጭ አዝራር አነሣ።