የአባዬ እርማት

ሻንቶ ከተማ አራተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። አባዬ ሶዶ ሆስፒታል ከተኛ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ከክፍል እንደወጣሁ በሚኒባስ እሄድና አብልቼው፣ አጥቤው፣ ልጆቼ ሳይተኙ ቤት ለመድረስ እሮጣለሁ። “እንዴት ነሽ?” የሚለኝን ሰው ሁሉ መቆጣት ጀምሬአለሁ።

ያን ቀን አልጋው አጠገብ ላርም ብዬ ሠላሳ ስምንት የፈተና ወረቀት በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ሦስተኛው ላይ ሳለሁ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ሊጠይቁት መጡ። “ዓይናችንን ጨፍነን እንጸልይ” አሉ። ጨፈንኩ። አሜን ሲሉ ግን አልሰማሁም።

ስነቃ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፤ ሽማግሌዎቹም ሄደዋል። አባዬ መነጽሩን አድርጎ፣ ግሉኮስ ባልተሰካበት እጁ ቀይ እስክሪብቶዬን ይዞ ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመት ሃላሌ ከተማ ያስተማረ ሰው፣ ወረቀቶቹን አንድም ሳያስቀር አርሟቸዋል።

“አባዬ! ማን አርም አለህ? ዶክተሩ እረፍ አላለህም?” ብዬ ጮህኩበት።

“አንቺ ተኝተሽ እኔ ምን ልሥራ?” አለኝ። “ልጆችሽ ጎበዞች ናቸው። የመጨረሻዋ ግን አንድ ጥያቄ ዘላለች።”

በንዴት ወረቀቱን ተቀበልኩት። ፈተና አይደለም። ጠዋት ለራሴ የጻፍኩት የቀኑ ሥራዬ ዝርዝር ነው፤ ከፈተናዎቹ ጋር ተቀላቅሎ መጥቷል። ቁርስ፣ ልጆች፣ ክፍል፣ የአባዬ ሾርባ፣ የአባዬ መድኃኒት፣ እራት፣ ልብስ ማጠብ። በእያንዳንዱ ላይ ራይት አድርጎበታል። ከግርጌው፣ በቀይ ጽሕፈት፣ እንዲህ ይላል፦

“እንቅልፍ ተረስቷል። አስተካክለሽ ነገ አምጪ።”