የሜዳሊያው ጀርባ

ብረት ላይ የተቀረጸ ቁጥር ወዴት ይሄዳል?

ፀጉር ሠሪዋ ይህን ጥያቄ በሆዷ እያመላለሰች የመዝጋቢውን እጅ ታያለች። መዝጋቢው ሜዳሊያዎቹን አንድ በአንድ ከጨርቅ ከረጢቱ እያወጣ፣ በጀርባቸው ገልብጦ፣ ማጉያውን አስጠግቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘነብላቸዋል፤ ከዚያም ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣቸዋል። የመጨረሻው ላይ ሲደርስ ማጉያውን መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

"እህቴ፣ የእነዚህ ጀርባ ባዶ ነው።"

"ባዶ ማለት?"

"ሜዳሊያ ሁሉ ጀርባው ላይ ቁጥር አለው። ቁጥሩን ከመዝገብ ጋር እናመሳክራለን፤ ከተገናኘ አለቀ ደቀቀ። የአባትሽ ግን እንደ ሕፃን ጉንጭ ልስልስ ብሏል።" አንዱን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። "ፊቱ ደህና ሆኖ ጀርባው ቁጥር የሌለው ገበያ ላይ ሞልቷል። አንቺን ማለቴ አይደለም። ግን ሞልቷል።"

ከኋላዋ ወረፋ የያዙ ሽማግሌዎች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሜዳሊያዎቹ የምስክር ወረቀት ምን እንደሆነ ቀድማ ነግራዋለች፤ ጣሪያው ያፈሰሰ ክረምት በስብሶ ከሣጥኑ የወጣው እንደ ገንፎ ተዝለግልጎ ነው። አሁን ደግማ ብትነግረው ቅጥፈት ይመስልባታል ብላ ተወችው። ጣቶቿ በፀጉር ቀለም ጠቁረዋል፤ ከጠረጴዛው ሥር ደበቀቻቸው።

መዝጋቢው ክፉ ሰው አልነበረም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ መንገድ እንዳለ ነገራት፦ ከአባቷ ጋር የዘመተ፣ በሕይወት ያለ አንድ ምስክር። በአካል ቢመጣ መልካም፣ ካልሆነም በስልክ ቃሉን ይስጥ። ቢሮው እስኪዘጋ ይጠብቃታል። ከዚያ በኋላ የጀግኖቹ ስም ዝርዝር ከእጁ ይወጣል፤ ነገ ጠዋት በአደባባዩ የሚነበበውም፣ በመታሰቢያ ግንቡ ላይ የሚቀረጸውም ያው ዝርዝር ነው።

"የሚቀጥለው በዓል መቼ ነው?" አለችው።

"ይኼኛው ራሱ ስንት ዓመት ተጠበቀ መሰለሽ?"

ስድስቱን ሜዳሊያ ወደ ከረጢታቸው መልሳ ወጣች።

አባቷ በዕድሜው ለራሱ ብሎ ምንም ነገር ጠይቆ የማያውቅ ሰው ነው። ሾርባው ጨው ቢያንሰው ዝም፣ ጫማው ቢጠበው ዝም። "ዝም አይነቅዝም" ይላል፤ ሰፈሩም ከዱቄት መጋዘኑ በር ላይ ካለው ወንበር ሌላ ነገር አያውቅለትም። ዘበኛው ነው፤ በቃ። ባለፈው ሳምንት ግን የሆስፒታሉ ክፍል ውስጥ የጎረቤቱ ሬዲዮ ስለ ነገው በዓል ሲያወራ፣ አፉ ላይ ያለውን የኦክስጅን ጭንብል ገለጥ አድርጎ "የኔም ስም ይነበብ ይሆን?" አላት። ይኸው ነው። ያቺ አንዲት ጥያቄ ሱቋን አዘግታ፣ የሙሽራ ቀጠሮ አሰርዛ፣ ስታንከራትታት ሰነበተች። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዋ ጠርቶ "ሩቅ ያለ ዘመድ ካላችሁ ብትጠሩት ጥሩ ነው" ብሏታል። ሐኪም እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ለማወቅ ትምህርት አይጠይቅም።

ታክሲ ውስጥ ከረጢቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ሳለች ጥርጣሬው መጣ። ገፋችው፤ ተመልሶ መጣ። መጋዘኑ የተዘጋ ዓመት፣ ቤት ውስጥ የሚላስ የሚቀመስ በጠፋበት ጊዜ፣ እውነተኞቹን ሸጦ በሌላ ተክቷቸው ቢሆንስ? ይኼስ ባልከፋ። ከመጀመሪያውም ባይኖሩስ? ጦር ሜዳ አብሬው ነበርኩ ብሎ በራቸውን ያንኳኳ አንድ ሰው አይታ አታውቅም። ልጅ ሳለች አንዷ የክፍሏ ልጅ "የአባትሽ ሜዳሊያ የቆርቆሮ ነው" ብትላት ፀጉሯን ነጭታት ነበር። አሁን በዚህ ዕድሜዋ፣ በገዛ ጭንቅላቷ ውስጥ ያንኑ ቃል የምትናገረው እሷው ሆነች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እናቷ እንደ ወትሮዋ ከክፍሉ በር ውጪ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች።

"አዩልሽ? ምን አሉ?"

"ጥሩ ነው አሉ። ትንሽ የሚቀር ነገር አለ።"

"መቼስ የሚቀር ነገር የሌለው ቢሮ የለም" አለችና ከረጢቱን ከእጇ ተቀበለች። ከፍታ አንዱን አወጣች፣ ወደ ብርሃን አየችው፣ ከንፈሯን መጠጠች። "ስንቱ ነካክቶት! አደበዘዙብኝ።" ከቦርሳዋ ትንሽ የቅባት ቆርቆሮ ብቅ አደረገች። ልጅቷ ቆርቆሮዋን ታውቃታለች፤ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ እሑድ እሑድ ጠዋት የምትወጣ ቆርቆሮ ናት። ውስጧ የተነፋ አመድ በሎሚ ጭማቂ የታሸ ነው። እናቷ በአሮጌ ካልሲ ጫፍ ነካ አድርጋ ፊቱን ቀስ ብላ አበሰች፤ ከዚያ ሜዳሊያውን ገለበጠችና ጀርባውን ክንዷ እስኪንቀጠቀጥ ትፈትገው ጀመር።

ልጅቷ ቆማ አየቻት።

"እማዬ፣ ጀርባውን ለምን እንደዚያ ታሺዋለሽ?"

"ፊቱንማ እፈራዋለሁ፤ ምስሉ እንዳይጎዳ በስሱ ነው የምነካው። ጀርባው ግን ምን አለው? ድሮ ስንጋባ እንደ ጭረት ያለ ነገር ነበረበት፣ ሁሉም ላይ። አሸዋ ላይ ጥሎት ነው መሰለኝ፤ ወንድ ልጅ ዕቃ መያዝ ያውቅበታል? ስንት ዓመት ታገልኩት መሰለሽ፤ ኋላ ግን ለቀቀልኝ።" ሜዳሊያውን አሳየቻት። "ይኸው፤ መስተዋት።"

እናቷ ፊደል አልቆጠረችም። ቁጥርን በኪሎና በሜትር እንጂ በጽሑፍ አታውቀውም።

ፀጉር ሠሪዋ እንዳትስቅም እንዳታለቅስም ከንፈሯን ነክሳ ወደ ደረጃው ሮጠች። አባቷ አልዋሸም፤ አልሸጠም። ደስታው ግን ደረጃውን እንኳ ወርዶ አልጨረሰም። ለመዝጋቢው ደውላ የሆነውን ነገረችው።

"አምንሻለሁ" አላት። "እውነቴን ነው፣ እንዲህ ያለውን ሰው ከልቡ አይፈጥረውም። ግን መዝገቡ ላይ ‘ሚስቱ አጥባው ጠፋ’ ብዬ ልጻፍ? ምስክር ፈልጊ፣ እህቴ። እየመሸብን ነው።"

ወደ ክፍሉ ስትገባ አባቷ ነቅቷል። አጠገቡ ያለው አልጋ ላይ እግሩ በጄሶ የታሰረ ግንበኛ ተጋድሟል፤ ሬዲዮው የእሱ ነው።

"ልጅት፣ እኚህ ሰውዬ ጀግና ናቸው የሚባለው እውነት ነው እንዴ?" አላት። "ሳምንቱን ሙሉ እኔ ነኝ እንደ ጀብዱ ከመሰላል የወደቅኩበትን ሳወራላቸው የከረምኩት። አንድ ቀን እንኳ አላቋረጡኝም።"

አባቷ በጭንብሉ ውስጥ ፈገግ ያለ መሰለ። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጁን ያዘች። እጁ ቀሎ የወፍ ክንፍ አክሏል።

"አባዬ፣ አንድ ምስክር ይፈልጋሉ። አብሮህ የነበረ።"

"አልቀዋል" አለ።

"አንድ እንኳ?"

ጭንብሉን ገለጥ አደረገ። "ሬዲዮው አለ" አለ በመጨረሻ።

የሬዲዮ ኦፕሬተሩን ማለቱ ነው፤ በጦሩ ውስጥ ሁሉም እንደዚያ ይጠራው ነበር። ዛሬ በሌላ ከተማ የመኪና መለዋወጫ ዕቃ ሱቅ አለው። ታዲያ ለምን አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አልጠየቀህም ስትለው አባቷ ዓይኑን ጨፈነ። ግንበኛው ጨዋ ሰው ነውና የራሱን ሬዲዮ ድምፅ ከፍ አድርጎ ፊቱን ወደ ግድግዳ መለሰ። ያኔ ነው አባቷ በተቆራረጠ ትንፋሽ፣ አንዳንዴ ጭንብሉን እየመለሰችለት፣ የነገራት። ድልድዩን እንዲጠብቁ የቀሩት ጥቂቶች ነበሩ። ተኩሱ ሲከር ሬዲዮው መገናኛውን ጥሎ ከመንገዱ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ተደበቀ። ርዳታ የሚጠራ ጠፋ። ሌሎቹ ሲወድቁ አባቷ ብቻውን ድልድዩን እስኪነጋ ያዘው። ሲነጋ ሬዲዮውን ከቱቦው ጎትቶ አወጣው፤ እግሩ አልታዘዝ ብሎት ስለነበር አዝሎ ወሰደው።

"ለአለቆቹ ‘ከጎኔ አልተለየም’ አልኳቸው። እሱም ተሸለመ።"

"አባዬ..."

"ልጅ ነበር። እናቱን ነበር የሚጣራው።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "እኔን ሲያይ ያ ቱቦ ነው የሚታየው። ምን ብሎ ይምጣ? አሁን የነገርኩሽን እዚሁ አልጋ ላይ ተዪው። ስትወጪ ይዘሽው እንዳትወጪ።"

"ልለምነውስ?"

"ለምኚው" አለ፤ ከዚያም ዓይኑ ሊከደን ሲል፣ እንደ ልጅ፣ "ነገ በስንት ሰዓት ነው የሚነበበው?" አላት።

የሰውየው ስልክ እናቷ ዘንድ ተገኘ። ባልዋ መታመሙን ከሰማ ወዲህ አልፎ አልፎ ይደውልላታል። "‘እንዴት አደረ?’ ይለኛል፤ ‘ቆይ ላገናኝህ’ ስለው ጆሮዬ ላይ ይዘጋዋል" አለች፤ "ዓይን አፋር ነገር ነው።"

ፀጉር ሠሪዋ ኮሪደሩ መጨረሻ ያለው መስኮት ሥር ቆማ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ተነሣ። የሰው ትንፋሽ ሰማች፤ ከኋላው ብረት ሲቀጠቀጥ ይሰማል። ማን እንደሆነች ተናገረች። የአባቷን ስም ስትጠራ መስመሩ ተቋረጠ። ደግማ ደወለች፤ አይነሣም። የሚደገፍ ነገር አጥታ ግንባሯን መስተዋቱ ላይ አደረገች። ታች፣ የሥራ ልብስ የለበሱ የአደባባይ ሠራተኞች የተጣጠፉ ወንበሮች የጫነ መኪና ከፊታቸው አስቀድመው ያልፋሉ። ለነገ ነው። ወንበሩ ሁሉ ሰው ሊቀመጥበት ነው።

ያኔ ጣቶቿ ሳትነግራቸው መጻፍ ጀመሩ።

"ጋሼ፣ ያን ሌሊት የት እንደነበሩ አውቃለሁ። ዛሬ ለአባቴ ካልመሰከሩ፣ ነገ እኔ እርስዎ ላይ እመሰክራለሁ።"

አንብባ ጨረሰች። ይሠራል። እንደሚሠራ ታውቃለች፤ ሰውየው ይህን አንብቦ የሱቁን በር እንኳ ሳይዘጋ ይደውላል። ቢሮው ሊዘጋ ትንሽ ነው የቀረው። የአባቷ ስም በድምፅ ማጉያ ከፍ ብሎ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ላይ ሲያልፍ በጆሮዋ ሰማችው። ይህን ለማምጣት አንዲት ቁልፍ መንካት ብቻ ነው። ለሌላ ሰው ማን ያወራል? ማንስ ያውቃል? አባቷ ራሱ አያውቅም።

አውራ ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆየ። ከዚያ ስሙ የሚነበበው ሰውዬ ማን እንደሚሆን አሰበች። ስድስቱን ሜዳሊያ እናቷ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣለታለች። ሰባተኛውን ግን ራሱ በሆዱ ይዞት ኖሯል፤ ለማንም ሳያሳይ፣ ለሚስቱ እንኳ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አውጥቶ ያሳያት ለእሷ ነው፤ ያውም እዚያው አልጋ ላይ እንድትተወው አደራ ብሎ። ይህን ሰብራ የምታስነብበው ስም የአባቷ ስም አይሆንም፤ ስሙ ያው ቢሆን ሰውየው ሌላ ነው።

ወይስ እንዲህ የምታስበው ፈሪ ስለሆነች ይሆን? ይህንንም አላወቀችም።

ፊደሎቹን አንድ በአንድ አጠፋቻቸው። በምትካቸው ጻፈች፦

"ጋሼ፣ የጓደኛዎ ልጅ ነኝ። አባዬ ነገ ስሙ ቢነበብ ደስ ይለዋል፤ ምስክር ይፈልጋሉ፣ ከእርስዎ በቀር የቀረ የለም። የመዝጋቢው ስልክ ከሥር አለልዎት፤ ቢሮው ከመዘጋቱ በፊት ቢደውሉ ይበቃል። ባይሆንልዎትም አባዬ አልተቀየመዎትም። በጣም ደክሟል።"

ላከችው።

ወደ አግዳሚው ተመልሳ እናቷ ጎን ተቀመጠች። እናቷ አምስቱን ጨርሳ የሻርፕዋ ጫፍ ላይ ደርድራቸዋለች፤ የመጨረሻው በእጇ ነው።

"ለነገ እንዲያበራ ነው" አለች። "ጀርባውን ግን ልተወው? ማን ያየዋል?"

ልጅቷ የእናቷን ክንድ አየች። ከእድሜ የተነሣ ቆዳው ልሟል፤ ጡንቻው ግን አሁንም አለ።

"እሺው እማዬ" አለቻት። "ጀርባውንም እሺው።"

ካልሲውን ተቀብላ ራሷ አመዱን ነካ አደረገችላት። ስልኩ በመካከላቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ትንሽ ቆይቶ ብርሃኑ በራ፤ መልእክቱ መታየቱን አመለከተ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ ጠፋ።

ያን ምሽት ሙሉ ቢጠብቁ ከሬዲዮውም ሆነ ከመዝጋቢው መልስ አልመጣም፤ ከዚያም ወዲህ አልመጣም።