እደጊልኝ

ወለተኪዳን ብርነሽን ከወለደች ወዲህ አንድ ነገር ደብቃ ኖራለች። ልጅቱ ስትጠራ አትዞርም። ሊያቅፏት ሲሉ እጇን አትዘረጋም፤ ዓይኗ የእናቷን ዓይን ሸሽቶ ወደ እንዝርቱ ይሄዳል። ወለተኪዳን የበግ ጠጉር ስትፈትል፣ ልጅቱ እንዝርቱ ሲሾር እያየች ግማሽ ቀን ከቦታዋ አትነቃነቅም። ጎረቤት ሲጠይቅ «ዓይነ አፋር ናት» ትላለች። ምን ትበል? ጠላት ጣሊያን ከወጣ በኋላ የተወለዱት ጎጆ በወጡበት በዚያ ዘመን፣ በመንዝ፣ በዘመሮ ዙሪያ እንዲህ ላለ ልጅ የነበረው ስም አንድ ነው፤ እሱም ጋኔን ነው።

የባሏ እናት እመት ጌታነሽ ግን በዋዛ የሚታለሉ ሴት አልነበሩም።

«አራት ዓመት ሙሉ አያቷን ቀና ብላ ያላየች ምን ዓይነት ልጅ ናት?» አሉ አንድ ቀን። «ዱዳ ነው የወለድሽልን።»

«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፣ እማማ» ብላ ብትተወው በተሻላት ነበር። ዱዳ መባሉ ግን አንገበገባት፤ ብርነሽ ትናገራለችና። ሳይነኳት፣ ቀስ ብለው አንድ ቃል ከነገሯት ቃሉን እንዳለ ትመልሰዋለች። እናቷ ስትፈትል «እደጊልኝ» ትላታለች፤ ብርነሽም ዓይኗን ከእንዝርቱ ሳታነሣ «እደጊልኝ» ትላለች። ወለተኪዳን የምትኖረው በዚያች አንዲት ቃል ነበር።

«ይስሙማ፣ እማማ» አለችና እንዝርቷን አሾረች። «እደጊልኝ።»

«እደጊልኝ» አለች ብርነሽ።

እመት ጌታነሽ አማተቡ። «ምን ትያለሽ አንቺ?»

«ምን ትያለሽ አንቺ» አለች ልጅቱ፣ በአያቷ ድምፅ፣ ቁርጥ እሳቸውን።

አሮጊቷ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ወለተኪዳን ምን እንዳደረገች የገባት፣ ባሏ ወዳጆ በማግሥቱ ልጅቱን ጠበል ሊያስጠምቅ በበግ ጠጉር ባና ጠቅልሎ ሲያነሣት ነው።

ጠበሉ ከገደሉ ሥር ነው። የመንዝ ውኃ በጥቅምት ጠዋት አጥንት ይሰብራል። አጥማቂው አባ መርስዔ ኃዘን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ መስቀላቸውን አንሥተው የሚያውቁትን አደረጉ። ብርነሽ እንኳን ውኃ እጅ ሲያርፍባት የምትጮህ ልጅ ናት፤ ጩኸቷ ገደሉን ሞላው።

«ማነህ?» አሉ አባ።

«ማነህ።»

«ትለቃታለህ አትለቃትም?»

«አትለቃትም።»

ዙሪያውን የቆመው ሰው ወደ ኋላ ሸሸ። «ይሳለቃል፤ ጨምሩበት» አሉ አባ።

ወለተኪዳን እግራቸው ላይ ወደቀች። «አባቴ፣ የሰማችውን ነው የምትለው። ሌላ አታውቅም።»

ወዳጆ ክንዷን ይዞ ጎተታት። «ዝም በይ፣ ላንቺም እንዳይተርፍ» አላት። እሱም ያለቅስ ነበር።

አባ ደጋግመው ጠየቁ፤ ልጅቱም ደጋግማ መለሰች፤ በመለሰች ቁጥር ውኃው ተጨመረባት። በመጨረሻ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ሲጠይቋት ዝም አለች።

«ለቀቃት» አሉ አባ። ሴቶቹ እልል አሉ።

ሰንበት ሳይደርስ ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን እግዜር ማረልሽ» እያለ መጣ። እመት ጌታነሽም የልጅ ልጃቸውን ግንባር ሳሙ። ወለተኪዳን እንግዶቿን ሸኝታ እንዝርቷን አወጣች። ብርነሽ ከጠበሉ በኋላ የያዛት ትኩሳት በርዶላት ነበርና ተነሥታ እንደ ድሮዋ ከፊቷ ተቀመጠች። እንዝርቱ ሾረ፤ ዓይኖቿም ተከተሉት።

«እደጊልኝ» አለች እናቷ፣ ቀስ ብላ።

ልጅቱ በሁለት እጇ አፏን ያዘች።