ለራስ የተቆረጠ ቀሚስ

ቴሌቪዥኑ ተበላሽቶ ለጥገና በተወሰደ ዕለት ከሥሩ የስፌት መኪናው ተገለጠ። ቆንጅት ዳንቴሉን አንሥታ አጠገቡ ቆመች። ልጆቿን ያሳደገችበት መኪና ነው፤ ዲላ ገበያ ዳር በረንዳ ተከራይታ የስንቱን ተማሪ ዩኒፎርም፣ የስንቷን ሙሽራ ቀሚስ ሰፍታበታለች። የመጨረሻ ልጇ ሥራ በያዘ ማግስት ዘግታ ገባች። ስፌት የጠላች መስሏት ነበር።

ዘይት ጠብ አደረገችበት፤ የላላውን የቆዳ ጠፍር አሳጥራ አጠበቀች። እግሯ መርገጫውን ሲያገኝ መኪናው መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ቀጥሎ ድምፁን አስተካከለ። ሳይታወቃት ፊቷ ፈታ አለ።

ወደ ጨርቅ ነጋዴዋ ወደ ሀጅራ ሱቅ ገብታ አረንጓዴ የጥጥ ጨርቅ ስትመርጥ፣ ሀጅራ ለማን እንደሆነ ጠየቀቻት። ለራሴ ነው አለች ቆንጅት። ሀጅራ አላመነችም። እውነትም ነበራት። ቆንጅት በሥራ ዘመኗ ለራሷ ጨርቅ ያልገዛችበት ዓመት የለም፤ ግን ሁሌም ሠርግ ደረሰብኝ፣ በዓል ቀረበብኝ የሚል ደንበኛ ይመጣና የእሷ ወደ ጎን ይላል፤ ኋላም ለልጆቿ ይቆረጣል። በገዛ እጇ የሰፋችውን ቀሚስ አንድም ቀን ለብሳ አታውቅም። ይህኛው እንዳያመልጣት ወሰነች።

ልኳን ራሷ ወሰደች። ቆረጠች፤ ለሙከራ በነጭ ክር አላልታ ሸለለች፤ ለብሳው መስተዋት ፊት ቆመች። ወገቡ ከኋላ ልክ ነው፤ ከፊት ግን ወደ ላይ ሸሽቷል። ፈትታ ደግማ ሸለለች። ያው ነው። የከተማውን ግማሽ የለካ እጅ እንዴት የራሱን ይስታል? እጄ ረስቷል ማለት ነው ብላ ከፋት።

ጎረቤቷ ሩሃማ ሰሞኑን የመኪናውን ድምፅ ሰምታ ኖሮ፣ ወይን ጠጅ ጨርቅ ታቅፋ ገባች። የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናት። እሑድ ወናጎ ለጉባኤ ሲሄዱ መዘምራኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ይለብሳሉ፤ የሩሃማ ልብስ ሰፊ ግን አይደርስልኝም ብሎ ጨርቋን መልሶላታል። ለምና ሳትጨርስ የቆንጅት እጅ ጨርቁን ተቀብሎ ይዳብስ ጀመር። ሩሃማ ቆንጅት የለበሰችውን አረንጓዴ ቀሚስ ልብ ያለችው ያኔ ነው።

«እትዬ፣ ከፊት ምነው ተሰቀለ? ሰው ቢያይዎት ወርዎ ገብቷል ይላል።»

«በዚህ ዕድሜዬ? ወሬውስ ደስ ይለኝ ነበር» አለች ቆንጅት።

ሩሃማ እየሳቀች እንዴት እንደተለካች ጠየቀቻት። ቆንጅት ለማሳየት ሜትሩን ከአንገቷ ሥር ወደ ወገቧ ዘረጋችና ቁጥሩን ለማንበብ ጎንበስ አለች። እንዳጎነበሰች ቀረች። ሰው ሲያጎነብስ ከአንገት እስከ ወገብ ያለው የፊት ልክ ያጥራል። ደንበኞቿን ሁሉ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ ስትል የኖረችው ለዚህ ነበር፤ እሷን ግን ቀጥ ብለሽ ቁሚ ያላት ሰው አልነበረም።

እጇ አልረሳም።

ወይን ጠጁን ጨርቅ አጥፋ መለሰችላት። የሩሃማ ፊት ጠቆረ።

«እሰፋልሻለሁ፤ ለእሑድ ይደርሳል። መጀመሪያ ግን ሜትሩን ያዢና ለኪኝ። የእኔ ይቅደም።»

ይህን ስትል ድምጿ ቀጠነባት፤ ቃሏን ግን አላጠፈችም። ሩሃማ ጨርቋን አስቀምጣ ሜትሩን ተቀበለች። ቆንጅት ቀና ብላ ቆመች። ልኩ ከቀድሞው በሁለት ጣት በለጠ። የተረፈው አረንጓዴ ጨርቅ ለአዲስ የቀሚስ ፊት ይበቃ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጠመኔዋን አነሣች። ሩሃማ በርጩማ ስባ፣ ጨርቋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተራዋን ትጠብቅ ጀመር።