ወደ ነጭ አምባ

ከቡሬ በታች፣ ምድሩ ወደ ዓባይ በረሃ ከሚሰበርበት አፋፍ፣ ነጭ አምባ የሚባል የኖራ ድንጋይ ተራራ አለ። በየክረምቱ ዝናብ በልቶት ሰልቷል፤ የያዙት ድንጋይ እጅ ይቆርጣል፣ የረገጡት ይፈረፈራል። እናኑ ጫማዋን አውልቃ በእጇ በእግሯ እየቧጠጠች ትወጣዋለች። ከላይ አንድ ጥይት ተተኩሶ ዝም ብሏል።

አባቷን የማሳ ጎረቤታቸው ላቀው የገደላቸው በመሬት ሽግሽጉ ማግስት፣ በወሰን ጠብ ነው። ገድሎም እዚህ አምባ ላይ ካለ ዋሻ ገባ። በለቅሶው ዕለት እናኑ ደረቷን እየደቃች፣ «ወንድ ያልወለዱት አባቴ!» ብላ ሙሾ አወረደች። ታናሽ ወንድሟ ደረሰ ቆሞ ሰማ። ከዚያ ወዲህ ጠጉሩን አልተቆረጠም፤ ከሚስቱም ጋር ማዕድ አልቀረበም። ዛሬ ጧት ምንሽሩን አንግቶ ሲወጣ ሚስቱ እየሮጠች መጣችባት።

«በአፍሽ የሰደድሽውን በእግርሽ መልሺው! ነፍሰ ገዳይ ሆኖ እንዳይቀርብኝ!»

እናኑ ጫፉ ላይ ስትደርስ ደረሰና ላቀው ተናንቀዋል። ጥይቱ ስቷል። ደረሰ በሰደፍ የላቀውን ጥርስ አራግፎታል፤ የላቀው ጩቤ የደረሰን ትከሻ ዘልቆታል። ነጩ ድንጋይ በደም ተለውሷል።

«ደረሰ! በአባታችን አጥንት፣ እጅህን ደም አታስነካ! ሽማግሌ ይዳኘን!»

«ሂጂ እታለም! ወንድ መወለዱን እዪና ሂጂ!»

ላቀው ደም እየተፋ ሳቀ። «ሴት ላኪ፣ ሴት መላሽ! በናንተ ቤት ሱሪ የሚታጠቀው ማነው?»

ደረሰ ደግሞ ሰነዘረ። ላቀው ሲያፈገፍግ ጠርዙ ከእግሩ ስር ተናደ። ሲወድቅ የደረሰን ቁርጭምጭሚት ይዞ ተንጠለጠለ። ደረሰ በሆዱ ተዘርሮ ወደ ገደሉ ይንሸራተት ጀመር።

እናኑ በደረቷ ተኝታ እጇን ወደ ታች ዘረጋች። «አያ ላቀው፣ ያዙኝ! ላውጣዎት!»

ላቀው እጇን አየው። የሟች ልጅ እጅ ነው፤ አላመነውም። የደረሰን እግር ይበልጥ አጠበቀ።

ደረሰ አንድ ክንድ ያህል ተንሸራተተ። ድንጋይ አነሳች። የላቀውን እጅ አንዴ መታች፤ ጣቶቹ አልለቀቁም። ደገመች፤ ሠለሰች። አጥንቱ ሲደቅ ሰማች። ላቀው ሳይጮኽ ወረደ።

ደረሰ ትንፋሹ እስኪመለስ ተንበርክኮ ቆየ። «እኔ ነኝ የገደልኩት እላለሁ» አለ።

«አትልም። ለልጆችህ ማን ያርስላቸዋል?»

ነጠላዋን ቀድዳ ትከሻውን አሰረችለት። ከዚያ ወደ ቡሬ ፖሊስ ጣቢያ ለመሄድ የአምባውን ቁልቁለት ቀድማው ጀመረች።