የወንዝ ማዶዋ ተመራጭ

ካሰች ለኮሌጁ ቦርድ እንድትወዳደር የወሰነው ገበያው ነው፤ እሷን የጠየቃት ሰው የለም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በሚዛን ተፈሪ ገበያ የቅመም ተራ፣ ዝናቡ የላስቲኩን ጣራ እየደበደበ ገዢ ጠፍቶ ሴቶቹ ተሰብስበው ሲጫወቱ፣ ጓደኛዋ ሐያት ድንገት «ካሰችን ነው የምንልከው» አለች። እርድ የሚሸጡት፣ ኮረሪማ የሚለቅሙት፣ ዝንጅብል የሚያጥቡት ሁሉ «እሷን ነው! እሷን!» ብለው ተቀበሏት። ካሰች አጎንብሳ የጆንያ አፍ ስትሰፋ ነበርና ቀና ስትል ነገሩ አልቋል።

የቅመም ተራ ሴቶች ከኮሌጁ ጋር የቆየ ጉዳይ ነበራቸው። የከተማው የማኅበረሰብ ኮሌጅ ኮምፒዩተር ያስተምራል፣ የቅመም ዝግጅትና ማሸግ ያስተምራል፣ የእንጨት ሥራ ያስተምራል፤ የሚያስተምረው ግን ጧትና ከሰዓት ነው፤ ጧትና ከሰዓት ደግሞ እነሱ ገበያ ናቸው። የማታ ክፍል ይከፈትልን ብለው ደጋግመው ቢያመለክቱ መልሱ ሁልጊዜ «ለቦርዱ ይቀርባል» ነበር። ቦርዱ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ አልነበረም። በዚያ ዓመት ግን የኅብረተሰቡን ተወካዮች ነዋሪው ራሱ እንዲመርጥ ተወሰነ።

እውነቱን ለመናገር ካሰች ለዚህ የተፈጠረች ሴት ነበረች። ስትጣራ ከቅመም ተራ እስከ ሙዝ ተራ ይሰማል። ከቀረጥ ሰብሳቢ ጋር ስትከራከር ሰው ሥራውን ትቶ ያዳምጣታል። «እኔ ምን አውቄ» እያለች ብትግደረደርም ማታ ቤቷ ገብታ መስተዋት ፊት ንግግር ሞክራለች።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ምርጫው ማብራሪያ ሲሰጥ ሴቶቹ የኮሌጁን አዳራሽ ግማሽ ያዙ። አስመራጩ ባምላኩ የሚባል ቀጭን ወጣት ነበር፤ ማይክሮፎኑ በተናገረ ቁጥር ያፏጭበታል።

«ከተማው በአካባቢ በአካባቢ ተከፍሏል» አለ። «እያንዳንዱ አካባቢ አንድ አንድ ሰው ወደ ቦርዱ ይልካል። ተወዳዳሪው የዚያው አካባቢ ነዋሪ መሆን አለበት። የሚመርጡትም የዚያው አካባቢ ነዋሪዎች ብቻ ናቸው።»

ሐያት እጇን አወጣች። «ነዋሪ ማለት የሚሠሩበት ነው የሚያድሩበት?»

«የሚያድሩበት።»

«ካሰች የምታድረው ወንዝ ማዶ ነው።»

«እንግዲያው የወንዝ ማዶ ሰዎች ይመርጧታል።»

«እኛስ?»

«እናንተ የገበያ አካባቢ ናችሁ። የራሳችሁን ሰው ትመርጣላችሁ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ባምላኩ ማይክሮፎኑን እየመታ ለማስረዳት ሞከረ፤ ሁሉም በአንድ ላይ ቢመርጥ ሰው የሚበዛበት ገበያው ወንበሩን ሁሉ ይወስደዋል፣ ዳር ያለ ሰፈር ተናጋሪ ሳይኖረው ይቀራል አለ። ነገሩ ትክክል ነበር። ከኋላ ግን አንዷ «ወንዝ ማዶማ ካሰችን ማን ያውቃታል!» አለች፤ በክፋት አልነበረም። ካሰችን ግን ወጋት፤ እውነት ነበርና። ወንዝ ማዶ ቤት ከሠራች ዓመታት አልፈዋል፤ ጎረቤት ሳይነሳ ትወጣለች፣ ሲመሽ ትገባለች። ዕድሯ የገበያው ነው። በዓል ሲሆን ቴፒ እህቷ ጋ ትሄዳለች። የቴፒን እርድ አምራቾች በስም እየጠራች ሰላም ትላለች፤ የጎረቤቷን ልጆች ስም ግን አታውቅም።

ሴቶቹ በዚህ መሀል ፊታቸውን ወደ ሐያት አዙረው ነበር። «ያመጣሽው አንቺ ነሽ፣ ለገበያው አንቺ ትወዳደሪያለሽ» አሏት።

«እኔ? ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይታሰራል!»

«ታስሮም ቢሆን ትሄጂያለሽ» አለች ካሰች።

እሑድ ካሰች ነጠላዋን አጣፍታ ሰፈሯን ለመተዋወቅ ወጣች። የጀመረችው ግድግዳ ከሚጋራት ከአናጢው ከይስሐቅ ቤት ነበር። ሰውየው በሩን ከፍቶ ሲያያት ፊቱ በራ።

«ተመስገን! ስለ አሸንዳው ነው የመጡት?»

«የምን አሸንዳ?»

ይስሐቅ ወደ ጓሮ ወሰዳት። የጣራዋ አሸንዳ ዝናቡን ሁሉ ሰብስቦ የሚደፋው እሱ ግቢ፣ ጣውላ የሚቆልልበት ቦታ ላይ ነበር። ሰውየው ቦይ ቆፍሮ፣ ድንጋይ ደርድሮ፣ እንደ ምንም ሲከላከል ኖሯል።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለች ፊቷ እየቀላ።

«የት አግኝቼዎት? ባንኳኳ ባንኳኳ ቤቱ ዝግ ነው።»

ቀጥሎ ያለው የእማማ የምሥራች ቤት ነበር። አሮጊቷ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጎደሬ ሲልጡ አገኘቻቸው።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሏት።

«ጎረቤትዎ ነኝ እማማ። ያ አረንጓዴ በር ያለው ቤት የኔ ነው።»

«ያ ቤት ሰው አለው እንዴ? ባዶ መስሎኝ ለእህቴ ልጅ ላስከራየው ነበር እኮ!»

ካሰች እየሳቀችም እያፈረችም ወጣች። በዚያን ዕለት በየገባችበት የምትሰማው የአንድ ሰው ስም ነበር፤ ጋሽ ከፈለኝ። ጋሽ ከፈለኝ ጡረታ የወጡ መምህርና የሰፈሩ የዕድር ዳኛ ናቸው። የግማሹን ሰፈር ልጅ ፊደል አስቆጥረዋል፣ ሕፃኑን ሳይቀር በስሙ ይጠራሉ፤ የሚወዳደሯትም እሳቸው ነበሩ። ቤታቸው ስትሄድ የበሰለ ሙዝ አቀረቡላት። «ተቀናቃኜ ሆነሽ ባትመጪ ኖሮ መቼም ቤቴን አትረግጪም ነበር፤ ምርጫው በዚህ ብቻ ጠቅሞናል» አሏት።

ተወዳዳሪዎቹ ንግግር የሚያደርጉበት ቀን ሰፈርተኛው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወንዙ ዳር ሣሩ ላይ ተሰበሰበ። ጋሽ ከፈለኝ አጭርና ለስላሳ ንግግር አድርገው ተጨበጨበላቸው። ካሰች ተነሳች። መስተዋት ፊት ያጠናችውን፣ ስለ ማታ ክፍል የተዘጋጀውን ንግግር በገበያ ድምፅዋ ለቀቀችው። ከወንዙ ወዲያ ያሉ ወፎች በረሩ። ስትጨርስ አንድም እጅ አላጨበጨበም።

ልጅ ያዘለች ቲጂ የምትባል ሴት ተነሳች። «እትዬ ካሰች፣ የማታው ይቅርና የቀኑንም አልደረስንበትም። ኮሌጁ ይኸው ከወንዙ ወዲያ ይታያል። መሻገሪያችን ግን ይቺ ግንድ ናት። ወንዙ ሲሞላ ታናሽ እህቴ በአስፋልቱ ዞራ ትሄዳለች፤ ስትደርስ በር ተዘግቷል። ያለፈውን ክረምት እንዲሁ ስትመላለስ ከረመች። እርስዎ በዚህ ተሻግረው ያውቃሉ?»

«አላውቅም» አለች ካሰች። እሷ በባጃጅ በአስፋልቱ ነው የምትወጣው።

  «እንግዲያው አሁን እሻገራለሁ» አለችና የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ወደ ግንዱ ሄደች።

«ያንሸራትታል!» አሉ እማማ የምሥራች።

«ግድ የለም!»

እስከ መሀል ደኅና ሄደች። መሀል ላይ ግንዱ የሚያዳልጥ አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል። የፕላስቲክ ጫማዋ አንዴ ሸርተት ሲል እጆቿን ዘረጋች፤ ከዚያ ካሰች በሙሉ ክብሯ ወንዙ ውስጥ ገባች። ውኃው እስከ ወገቧ ነበር። ነጠላዋ ብቻውን ቁልቁል ጉዞ ጀመረ።

ማንም አልሳቀም። ሊስቁ ፈልገው እንደፈሩ ያስታውቃሉ። ካሰች ፀጉሯን ከፊቷ ላይ ገፋ አድርጋ፣ እንደ ገበያ ቀን ተጣራች፤ «የማታው ክፍል ይቆይ! መጀመሪያ ድልድይ!»

ያኔ ወንዙ ዳር በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ከፈለኝ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ይስሐቅ ሱሪውን እንኳ ሳይሰበስብ ወደ ውኃው ገብቶ «ነይ፣ እጅሽን ስጪኝ» አለ፤ «እርስዎ» ማለቱን እዚያው ወንዙ ውስጥ ትቶት ወጣ። ነጠላዋን ልጆች ሮጠው ታች ያዙላት።

«ይህን ያህል ዘመን ስናገር» አሉ ጋሽ ከፈለኝ መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ «እንዲህ ያለ ንግግር አድርጌ አላውቅም።»

ከዚያ ወዲያ ካሰች ለጥቂት ሳምንታት ሱቋን አርፍዳ መክፈት ጀመረች። አሸንዳዋን ይስሐቅ አዞረላት። የሰፈር ለቅሶ ደረሰች፣ አራስ ጠየቀች። አንድ ዝናባማ ጧት ከቲጂ እህት ጋር በእግሯ በአስፋልቱ ዞራ ኮሌጁ በር ድረስ ሄደች፤ በሩ ተዘግቶ ጠበቃቸው፤ ዘበኛው «ረፍዷል» አለ። ደብተሯን ሹራቧ ውስጥ ከትታ የተመለሰችው የልጅቷ ሁኔታ ከካሰች ልብ አልወጣም። መስተዋት ፊት ያጠናችውን ንግግር ከዚያ ወዲህ አልደገመችውም።

የምርጫው ቀን ደረሰ። የገበያ አካባቢ በጧት መርጦ ጨርሷል፤ ሐያት ምላሷ ታስሮም ቢሆን አሸንፋለች። የቅመም ተራ ሴቶች በደስታ ተሳፍረው የወንዝ ማዶውን ምርጫ ለማየት መጡ፤ መምረጥ ስለማይችሉ ባምላኩ ከገመዱ ውጭ አስቀመጣቸው። መዝፈን ሲጀምሩ ደግሞ «ቅስቀሳ አልቋል!» ብሎ ተቆጣቸው። አመራረጡ ቀላል ነበር፤ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ፊታቸውን ወደ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ አዙረው ይቆማሉ፣ መራጩ ከሚፈልገው ሰው ኋላ ይሰለፋል። መዞር ክልክል ነው።

ካሰች ግድግዳው ላይ አፍጥጣ ቆመች። ከኋላዋ እግሮች ጭቃውን ሲረግጡ ይሰማታል፤ ወዴት እንደሚሄዱ ግን አይለይም።

«ጋሽ ከፈለኝ» አለች በሹክሹክታ፣ «የማን ይረዝማል?»

«ዝም በይ፣ ታስቀጪናለሽ።» ከዚያ ጆሯቸውን ጣል አድርገው፣ «የሚሮጡት ወዳንቺ ናቸው መሰለኝ። የኔዎቹ ሽማግሌዎች ስለሆኑ ገና እየመጡ ነው» አሉ።

ባምላኩ «ዙሩ!» ሲል ዞሩ። የጋሽ ከፈለኝ ሰልፍ ደኅና ነበር። የካሰች ግን የባንዲራውን እንጨት ዞሮ እስከ አጥሩ ደርሷል፤ ከፊቱ ቲጂና ይስሐቅ ቆመዋል። ከገመዱ ውጭ እልልታው ቀለጠ። ጋሽ ከፈለኝ እጇን ያዙና ወደ ላይ አነሱት። ከሰልፋቸው እማማ የምሥራች ከዘራቸውን አወዛወዙላት።

«እኔ ለከፈለኝ ነው የቆምኩት! እሱን ከልጅነቱ አውቀዋለሁ። አንቺን ደግሞ በሚቀጥለው!»

የመጀመሪያው የቦርድ ስብሰባ ላይ ሐያት ቀድማ እጇን አወጣች። የማታ ክፍል እንዲከፈት ጠየቀች፤ መጀመሪያ ተንተባተበች፣ ከዚያ ግን ለቀቃት። ስትጨርስ የቅርብ ጓደኛዋ እንደምትደግፋት እርግጠኛ ሆና ወደ ካሰች ዞረች። የኮሌጁ ዲን አቶ ፍሬአብ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሐሳቡ ጥሩ ነው። በዚህ ዓመት ግን አንድ አዲስ ሥራ ብቻ ነው ልንይዝ የምንችለው፤ አስተማሪ ያጥረናል» አሉ።

«አንድ ከሆነ ድልድዩ ይቅደም» አለች ካሰች።

ሐያት ከወንበሯ ተነሳች። «ካሰች! አንቺ የማን ነሽ?»

«የወንዝ ማዶ ነኛ! ገበያውማ አንቺን ልኳል። እኔን የላኩኝ እነሱ ናቸው። የማታውን ክፍል እንደምፈልገው ታውቂያለሽ፤ ግን ልጆቹ በቀን እንኳ አልደረሱበትም።»

«እኔስ ገበያ ምን ብዬ ልመለስ?»

«ካሰች ከለከለችኝ በይ!»

ሁለቱ እንደ ገበያ ቀን ተያያዙ። የተቀሩት የቦርድ አባላት ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ይመለከታሉ። የሐያት ምላስ መታሰሩን ረስቶ ነበር። «ቆይ እንጂ!» አለች በንዴት፣ ወደ አቶ ፍሬአብ ዞራ፣ «ምን አገናኛቸው? የቅመም ዝግጅት አስተማሪው ድልድይ ይሠራል እንዴ? ድልድይ የሚሠሩት የእንጨት ሥራዎቹ ናቸው!»

 የቴፒ መንገድ አካባቢ ተመራጭ ሙሐመድኑር ጮክ ብሎ ሳቀ። አቶ ፍሬአብም ፈገግ አሉ። የእንጨት ሥራ ተማሪዎች ለልምምድ ጠረጴዛ እየሠሩ እንደሚያፈርሱ ያውቃሉ። ለልምምዱ ድልድዩን ቢሠሩ፣ የቅመምና የኮምፒዩተር አስተማሪዎቹ ደግሞ በሳምንት ጥቂት ቀን አምሽተው ቢያስተምሩ ማንም ከማንም አይሻማም። ሁሉም እጁን አወጣ።

ወሬው ግን ቀድሟቸው ገበያ ደርሶ ነበር፤ ያውም ግማሹ። «ካሰች የማታውን ክፍል ተቃወመች» ተብሎ የቅመም ተራ አኩርፎ ጠበቃት። ሐያት ጆንያ ላይ ቆማ ሙሉውን አስረዳች፤ ገበያው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ።

«ቆይ» አለች አንዷ ስትጨርስ፣ «አንቺ ነሽ ወይስ ካሰች ናት የምትጮኸው?»

ድልድዩ ከመስቀል በኋላ አለቀ፤ ሰፊ፣ የእጅ መደገፊያ ያለው። ኅዳር ላይ የማታው ክፍል ሲከፈት የቅመም ተራ ሴቶች ክፍሉን ሞልተው ጠበቁ። መምህሩ ገና መናገር እንደጀመረ በሩ ተንኳኳና ቲጂ ልጇን አዝላ ገባች፤ ከኋላዋ የወንዝ ማዶ ሴቶች ተከትለዋል፤ ተሻግረው የመጡ ናቸው። ሐያት አግዳሚው ላይ ጠጋ ጠጋ በሉ እያለች ቦታ አስለቀቀችላቸው።