ሱንዱስ ለማን ተነሳች?

ዓባይ ማዶ ያለው የጋሽ ዳኘው ፑል ቤት አንድ የማይሻር ሕግ አለው፤ ትልቅ ሰው ሲገባ ጨዋታ ቆሞ፣ ሁሉም ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል። ጋሽ ዳኘው ሕጉን ያወጡት ሰፈሩ «የዱርዬ መዋያ» እያለ ስላስቸገራቸው ነው። ሰፈሩ ዛሬም እንደዚያው ይላል። እኛ ግን ጨዋ ዱርዬዎች ሆነናል።

ሱንዱስ እዚህ ነው ያደገችው። አሁን ሯጩም ዋናተኛውም በተሰበሰበበት ዓለም አቀፍ ውድድር፣ በፑል ለነሐስ ሜዳሊያ ቀርባለች። አባቷ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ኑርሑሴን ሲሸኟት ቁርጡን ነግረዋታል፦ «ሜዳሊያ ካመጣሽ ተጫወቺ። ካላመጣሽ ሱቅ ትገቢያለሽ። ፑል ቤት ልጅ ያባልጋል።»

የጨዋታው ዕለት ሱቃቸው መብራት ጠፋ። ሐጂ ጨዋታውን የሚያዩበት ቸግሯቸው፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እኛ ዘንድ ገቡ። ሁላችንም ብድግ!

«ኖር!»

«በአላህ፣ በአላህ፤ ተቀመጡ» አሉ። ስድብና ጭስ ጠብቀው ስለመጡ ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ።

በቴሌቪዥኑ ለሁለቱም ተጋጣሚዎች የቀረችው ጥቁሯ ኳስ ብቻ ናት፤ ያስገባት ያሸንፋል። ተራው የሱንዱስ ነው፤ ኳሷም ቀዳዳው አፍ ላይ ቆማለች።

«ይቺንማ እኔም አገባታለሁ» አለ ጓደኛችን ክንዱ፣ ጥቁር ኳስ አስገብቶ የማያውቀው።

«አንተ፣ ዝም በል!» ሐጂ ናቸው።

ሱንዱስ ጎንበስ አለች። ይሄኔ እዚያው ውድድሩ አዳራሽ፣ ከፊቷ ባለው በር አንድ ምርኩዝ የያዙ ሽበታም ሽማግሌ ገቡ። ልጅት ብድግ! እጅጌዋ የምትመታባትን ነጯን ኳስ ነካት። ዳኛው ፋውል አለ፤ ተጋጣሚዋም በጨዋታው ሕግ ነጯን ደስ ያላት ቦታ አስቀምጣ ጥቁሯን አስገባች። አለቀ።

ጋሽ ዳኘው ራሳቸውን ያዙ። «እኔ ነኝ ያበላሸኋት! ሐጂ፣ ይፍረዱብኝ።»

ሐጂ ሊመልሱ ሲሉ ስልካቸው ጮኸ።

«አባዬ፣ ተሸነፍሁ» አለች ሱንዱስ በስልኩ ድምፅ ማጉያ፣ እያለቀሰች። «ሱቅ እገባለሁ።»

«ሰውየው ማን ናቸው?»

«አላውቃቸውም። ሽንት ቤት ጠፍቷቸው ነው አሉ።»

«አሳየሻቸው?»

«አዎ፣ እስከ በሩ ሸኘኋቸው።»

«በይ አታልቅሺ። ስትመለሺ መጫወትሽን ቀጥዪ። ሱቁን እኔው እይዘዋለሁ።»

ስልኩን ዘግተው ወደ ጋሽ ዳኘው ዞሩ።

«ታናሿ ሰዓዲያ ደግሞ እኔ ስገባ ከስልኳ ቀና አትልም። ከነገ ጀምሮ እሷንም ይቀበሉኝ።»